በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ምሥጢር ቁጥር

ባለፈው እሑድ ጧት አንዲት የሰፈራችን እናት ከቅዳሴ መልስ ከደጃችን ቆሙ። ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ አንዲት ልጃቸውን ወደ ቤይሩት የላኩ፣ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በአንድ እጃቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘዋል፤ በሌላው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል። የነጠላው ጫፍ ተቋጥሯል። እንደ ዱሮው ልማድ ለሽንኩርትና ለበርበሬ የሚሆን ሳንቲም የቋጠሩ መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን ቋጠሮውን ፈትተው ሲያሳዩን ከውስጡ የወጣው ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ነው። በወረቀቱም ላይ የስልክ ገንዘባቸው ምሥጢር ቁጥር በእኛው እጅ ተጽፎ ነበር።

«ልጄ» አሉን፤ «ቁልፉን ሰጥተኸኝ በሩን ሳታሳየኝ ሄድህ።»

ነገሩን እንግለጸው። ከሁለት ወር በፊት ልጃቸው ከቤይሩት ገንዘብ በስልክ ልትልክላቸው ስለ ፈለገች እኒህ እናት ጠርተውን «እስቲ ይቺን አስተካክልልኝ» ብለውን ነበር። እኛም እንደ ተማረ ሰው ስልኩን ተቀብለን፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መዝግበን፣ ምሥጢር ቁጥሩንም ራሳችን መርጠን፣ በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸውና «በቃ አልቋል እማማ፤ ገንዘብ ሲመጣልዎ ይጥሩን» ብለን ሄድን። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ እሳቸው አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተጫኑም። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ለሦስት ሳምንት ከአዲስ አበባ ወጣን። ገንዘቡ ደረሰ፤ የእድሩ መዋጮ ቀንም ደረሰ፤ እኛ ግን የለንም። እኒህ እናት የራሳቸው ገንዘብ በእጃቸው ባለው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የእድራቸውን መዋጮ ከጎረቤት ተበድረው ከፈሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ለእድር ተበድረው እንደማያውቁ ሲነግሩን በድምፃቸው ቍጣ አልነበረበትም። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ይህን የምናወጋው የሌላውን ሰው ጥፋት ለመቍጠር አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእኛ ስንልም ይህን ጽሑፍ የምታነቡትን ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ጨምረን መሆኑን እንድትፈቅዱልን እንለምናለን።

በመሠረቱ በቀበሌ ቤት የሚኖረው ሰው ማን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከፍ ያለው ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው ለቀበሌዎች ተሰጡ። ያን ጊዜ በ25 ዓመት ዕድሜው የቀበሌ ቤት ቍልፍ የተቀበለ ሰው ዛሬ 75 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ስንል ከሞላ ጎደል የሽማግሌና የአሮጊት ቤት ማለታችን ነው፤ ጡረተኛው፣ የጡረተኛው ሚስት፣ የቀድሞው ወታደር፣ ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች እናት በዚያ ይገኛሉ። ግድግዳው ጭቃ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ ቢሆንም ኪራዩ የሚቻል በመሆኑና፣ ይልቁንም ጎረቤቱ ዘመድ ከመሆን አልፎ ጧሪ በመሆኑ፣ ሰው ከዚያ መውጣትን አይመኝም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለኮሪደር ልማት ሲባል ከፒያሳና ከሌሎችም የመሐል ከተማ ሰፈሮች የተነሡ አያሌ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃውና መጸዳጃው የራስ ነው። ይህን የሚክድ ሰው የጋራ መጸዳጃ በሌሊት ሄዶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይታሰብ ጠፋ። በዱሮው ግቢ ስልክ የሚደውልላቸው፣ መልእክት የሚያነብላቸው፣ «ማሙሽ እስቲ ና» ሲባል ከኳስ ጨዋታው ተነሥቶ የሚሮጥ የጎረቤት ልጅ ነበር። በአዲሱ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለበት፣ ከግራም ከቀኝም በሩ የተዘጋ የማያውቁት ሰው ነው ያለው። እኛ የስልክን ነገር ስንናገር መሣሪያውንና ቁልፉን እንቆጥራለን እንጂ መሣሪያውን ያሠራው የነበረው ያ የጎረቤት ልጅ መሆኑን አናስብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልን እንወዳለን። እኛ የስልክ ገንዘብ ተቃዋሚዎች አይደለንም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኞቹ በ2017 ዓ.ም. ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ባንኮችም የየራሳቸውን አገልግሎት አውጥተዋል። እግሩን ለሚያመው ሰው የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን በሰልፍ ከመቆም ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መክፈል ትልቅ ዕረፍት ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለው አገልግሎት ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ሽማግሌውን ነበር። ዳሩ ግን የተሠራው በወጣት ነው፤ የተሞከረው በወጣት ነው፤ ስለዚህ የሚመቸውም ለወጣት ሆነ።

ይህን በዐይናችን ያየነው ባለፈው እሑድ ነው። እናቲቱን ከጎናችን አስቀምጠን «አሁን እርስዎ ራስዎ ይሞክሩ» አልናቸው። ኮከብ፣ 127፣ መሰላል። ኮከብ የተባለችውን ቁልፍ ለማግኘት ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። መሰላል የተባለችው ለምን መሰላል እንደ ተባለች ሲያዩ ሳቁ፤ «ይቺ እንኳ የዶሮ ቆጥ ትመስላለች» አሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ። አንደኛውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡ፤ ሁለተኛውን ጀመሩ፤ ሦስተኛው ላይ ሳይደርሱ ስልኩ ጠብቆ ጠብቆ ዝርዝሩን ዘጋባቸው። «ምን አጠፋሁ?» አሉን። ያጠፉት ነገር የለም። በዝግታ ማንበባቸው ብቻ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ላይ ግን ወደ እኛ ሲመለከቱ ፊታቸው ላይ ያየነው ትምህርት ቤት ሳለን ሰሌዳ ፊት ወጥቶ መልሱ የጠፋበት ልጅ ፊት ነበር። አንዲት የሰባ ዓመት እናት፣ በጦርነትና በችግር ዘመን ቤት ያቆመች ሴት፣ በአንድ ዝርዝር ፊት እንዲህ ልትሆን አይገባም ነበር።

ቁጥሩ እንኳ ይለመዳል። የማይለመደው ቋንቋው ነው። ዝርዝሩ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌሎችም ቋንቋዎች መዘጋጀቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ አማርኛ አይደለም። «ትራንዛክሽን»፣ «ፒን»፣ «ኦቲፒ» የሚሉት ቃላት በግዕዝ ፊደል ስለ ተጻፉ ብቻ ለእኒህ እናት ቅርብ አይሆኑላቸውም። እኒህ እናት ሐዋላን ያውቃሉ፤ አደራን ያውቃሉ፤ ደረሰኝን፣ ዋስን፣ ቍጠባን፣ ዕቁብን ያውቃሉ። የገንዘብ ቋንቋ የላቸውም ማለት አይቻልም። «ትራንዛክሽንዎ አልተሳካም» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ገንዘባቸው የጠፋ ይመስላቸዋል። «ገንዘቡ አልሄደም፤ ከእርስዎ ዘንድ አለ» ቢባሉ ግን የሚጨመረው ወጪ ምንድን ነው? ከሠሪዎቹ አንዱ ለግማሽ ቀን ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ቢያወራ የሚገኝ ነገር ነው።

ስማርት ስልክ ቢገዙላቸው አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ይሻል ይሆናል፤ ፊደሉን ማጕላት ይቻላል፣ የልጅም ፊት ይታይበታል። ነገር ግን በከሰልና በእጥበት የደረቀ ጣት በመስተዋቱ ላይ ሲነካ ስልኩ አንዳንዴ ጨርሶ አይሰማም፤ አንዳንዴ ደግሞ ያልተፈለገውን ይከፍታል። ሦስት አግድም መስመር «ዝርዝር» ማለት መሆኑን ማን ነገራቸው? ለእኛም ማንም አልነገረንም፤ ብንሳሳት የምናጣው ነገር ስለሌለ እየነካካን ተማርነው። እሳቸው ግን የሚነካኩት የወር ቀለባቸውን ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የምሥጢር ቁጥሩ ነገር ነው። ምሥጢር ቁጥር ስሙ እንደሚናገረው የባለቤቱ ብቻ ነው። እኛ ግን ለእናቲቱ መርጠን ጻፍንላቸው፤ የጎረቤት ልጅም ያውቀዋል፤ የሱቁ ባለቤትም አንድ ጊዜ ካርድ ሲሞላላቸው አይቶታል። ከዚያ በኋላ አንድ የማይታወቅ ሰው በጨዋ ድምፅ ደውሎ «እማማ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ቢላቸው እንዴት እንቢ ይበሉ? ቁጥሩን ለሚጠይቅ የተማረ ልጅ ሁሉ አሳልፎ መስጠትን ያስተማርናቸው እኛ ነን። አጭበርባሪው የጀመርነውን ትምህርት ይጨርሰዋል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

ወጣት ሠራተኞችን የሚመለከተውን እንናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን አቀረቡ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ባለ ጉዳይ ተቀባይ፣ ከእኛ በዕድሜ የማይበልጥ ወጣት፣ ቀና ብሎ ሳያይ «በኦንላይን ነው አባባ፤ ልጅ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ «አባባ» ብሏል። ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱና ጥቂት ቆመው «ልጅ የሌለውስ?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ገፋ፤ እኛም አብረን ገፋን።

«ልጅ ይዘው ይምጡ» የሚለው ቃል በብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ሕግ ሆኗል። ሕግ ግን አይደለም። ልጅ የሌለው አለ፤ ልጁ ስደት የሄደበት አለ፤ ልጁ ቢመጣ ገንዘቡን የሚበላበትም አለ። ሽማግሌው ጉዳዩን ራሱ እንዲፈጽም ካልተደረገ ያ የስልክ አገልግሎት የልጁ እንጂ የእሱ አገልግሎት አይደለም።

የፋይዳ መታወቂያም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዐይን ብሌንና የፊትን ምስል ይወስዳል። ሊጥ ሲያቦካ፣ ልብስ ሲያጥብና ከሰል ሲያቀጣጥል የኖረ ጣት አሻራው የተፋቀ ይሆናል፤ ሞራ የጋረደው ዐይንም እንዲሁ መሣሪያውን ያስቸግራል። አንዱ ባይሆን በሌላው እንዲታወቁ መደረጉ ጥበብ ነው። በኋላ አገልግሎት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን በጣት ብቻ አረጋግጣለሁ ያለ እንደ ሆነ ያ ጥበብ ከንቱ ይሆናል። የሕንድ መንግሥት ይህን ያወቀው ቀስ ብሎ ነው። ጡረተኛው በየዓመቱ በሕይወት መኖሩን በዲጂታል የሚያስመሰክርበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር በጣት አሻራና በዐይን ብሌን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በስልክ ፊትን በማሳየት ብቻ እንዲፈጸም ጨመረበት።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይሉናል፦ «በአገራችን 60 ዓመት ያለፈው ሰው ከመቶ አምስት ገደማ ነው፤ ለጥቂት ሽማግሌ ብሎ አገር መዘግየት የለበትም፤ የሚቀጥለው ትውልድ ስልክ እያወቀ ነው የሚያረጀው።» ይህ ክርክር ከጓደኞቻችን አፍ ስለሚወጣ አንንቀውም። ነገር ግን ስልክ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው የዛሬውን ስልክ ነው። የዛሬ 40 ዓመት የሚመጣውን መሣሪያ ያኔ በ65 ዓመታችን፣ በደከመ ዐይናችን፣ እንዴት እንደምንይዘው ማን ያውቃል? በዚያን ጊዜም «ልጅ ይዘው ይምጡ» የሚል ወጣት በመስኮቱ ወዲያ ይቀመጣል፤ ከእኛ የተማረው ነውና።

አይቻልም ለሚሉን ደግሞ የሩቅ አገር ምስክር አያስፈልገንም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን የገበሬዎች መስመር ከፍቶ ነበር። ገበሬው በተራ ስልክ ይደውላል፤ ድምፅ በራሱ ቋንቋ ይመልስለታል፤ «ስለ ጤፍ ለመስማት ይህን ቁጥር ይጫኑ» ሲባል ይጫናል፤ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ ይሰማል። ማንበብ አያሻውም፤ ከሚሊዮን በላይ ገበሬ ደውሎበታል። ለገበሬው እንዲህ የሚናገር ስልክ ከተገኘ፣ ለከተማ ጡረተኛ «ያለዎት ገንዘብ ይህን ያህል ነው፤ ለመብራት ለመክፈል አንድን ይጫኑ፤ እንዲደገምልዎ ሁለትን ይጫኑ» የሚል በዝግታ የሚናገር፣ ሳያጣድፍ የሚጠብቅ መስመር ማዘጋጀት ምን ያቅታል? በእኛ አስተያየት ከማናቸውም አዲስ መሣሪያ ይህ ይቀድማል።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ከአምስት ነዋሪዋ አራት ያህሉ መንግሥት በሠራው ቤት የሚኖርባት ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2020፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ ሽማግሌዎችንና ባለ ትናንሽ ሱቆችን ስልክ የሚያስተምሩ 1,000 ሰዎች ቀጥራ አሰማርታ ነበር። እኛ ሺህ ሰው መቅጠር አያስፈልገንም፤ ያለደመወዝ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉን። በየክረምቱ ወጣቶች ወጥተው የአቅመ ደካሞችን ቤት ጣራ ሲያድሱ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ፎቶግራፍም ሲነሡ እናያለን። ሥራው የተመሰገነ ነው። ጣራውን ያደሰው ወጣት ከመሰላሉ ሲወርድ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ስለዚያች ሌላይቱ መሰላል ቢያስረዳ ግን ፎቶግራፍ ባይነሣም የሚበልጥ ጥቅም ሰጥቶ ይሄዳል።

ይህን ስንል ስለ ማስተማር አንድ ነገር ያስተማሩን እኒሁ እናት ናቸው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ፊደል ካስቈጠራቸው ልጆች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሱትም። «እንደ አንተ ያለ ቀጭን ልጅ ነበር» አሉን፤ «አንድ ፊደል አሥር ጊዜ ብጠይቀው አሥር ጊዜ ይነግረኛል። እርሳሱን ግን ከእጄ ወስዶ አያውቅም።» እኛ ስልካቸውን ከእጃቸው የወሰድነው በአንደኛው ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ስልኩን አልወሰድንም። እጃችንን ከጀርባችን አድርገን ተቀመጥን፤ ቀላል እንዳልነበረ እንናገራለን፤ ሁለት ጊዜ ሳይታወቀን ዘርግተነዋል። አስቀድመው አሮጌውን ምሥጢር ቁጥር በራሳቸው መረጡት አዲስ ቁጥር ለወጡ። ምን እንደ መረጡ አናውቅም፤ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ነበርና። ከዚያ ዝርዝሩ የሚፈጥንባቸው ስለ ሆነ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ በትልልቅ ፊደል በካርቶን ላይ ጻፍንላቸው፦ ገንዘብ ለማየት የትኛውን ተከትሎ የትኛው፣ ለመላክ የትኛውን ተከትሎ የትኛው። ካርቶኑን አይተው ሲጫኑ ስልኩ አልቀደማቸውም። በስድስተኛው ሙከራ ለጎረቤታቸው የተበደሩትን የእድር ገንዘብ ላኩ። ጎረቤትዮዋ ከግቢው ማዶ «ኧረ ደረሰ!» ብላ ስትጮኽ ሰማን። እናቲቱም አሮጌዋን ወረቀት ቀዳደው ከከሰሉ ላይ ጣሏት።

የእድሩ ጸሐፊ ይህን ሰምተው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መዋጮ ከተከፈለ በኋላ አንድ ሰዓት እንደሚሰጡን ነግረውናል። አባላቱ ወደ 60 ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ካርቶንና ወፍራም ብዕር አለን። የጎደለን እጁን ከጀርባው አድርጎ መቀመጥ የሚችል ሦስት ወይም አራት ሰው ነው።